«ዛሬ ያልቃል» ያልኩበት ጠዋት

የታሰርኩበት ክፍል ከአስመራ ወደ ዓዲ ኣበይቶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ነበር። ስገባ፣ ቀድመውኝ የታሰሩት ሰዎች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ። ጥፋቴ አልተነገረኝም። ነጻነቱ ገና ትኩስ ነበር፤ እኔ ደግሞ በፊተኛው መንግሥት ጊዜ ከአዲስ አበባ መጥቼ የተቀጠርኩ፣ ሌሎቹ ሲሄዱ አስመራን መተው አቅቶኝ የቀረሁ ሰው ነኝ።

ሥራዬ ኮምፒውተር ነበር። ለከተማው ሰፈሮች ውሃ በተራ የሚታደልበትን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ የዛሬ ልጆች የሚስቁበት ዓይነት ነው፤ ጥቁር ላይ አረንጓዴ ፊደል ያወጣል፣ ሲነሳ እንደ አሮጌ መኪና ያጉረመርማል። እዚያ መጋዘን ውስጥ ከምግብ ይልቅ የናፈቀኝ እሱ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያነበብኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፈተና ጠራኝ።

«ውጣ። ኮምፒውተሩ ቆሟል።»

መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ታጋይ የነበረ፣ አማርኛውን እየፈለገ የሚናገር ሰው ነው። «እናቴ ሓዝሓዝ ሰፈር ናት» አለኝ። «ተራው ተዘበራርቆ ውሃ ካየች ሰነበተች። በዚያ ዕድሜዋ ጀሪካን ተሸክማ ትዞራለች።»

ቢሮው ስደርስ ማሽኑ ፊት ቆማ ያገኘኋት፣ ሥራውን ያስተማርኳት ባልደረባዬ ናት። ድሮ ማታ ማታ እስከ ፌርማታው አብረን እንሄድ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ጢሜንና ሸሚዜን ስታይ የወንበሩን ጀርባ ጨበጠች።

«ደሓን ዲኻ?»

«ደህና ነኝ።»

አዲሱ ኃላፊ ከኋላዋ ቆሟል። «ከእሱ ሌላ የሚችለው የለም ያለችን እሷ ናት» አለ።

መጀመሪያ እጄን ልታጠብ አልኩ። ፈቀደልኝ። ከዚያ ተቀምጬ ማሽኑን አስነሳሁት። ፕሮግራሙ ያለበት ዲስኬት መበላሸቱን ወዲያው አየሁ። መፍትሔው ቅጂውን ማስገባት ብቻ ነው፤ ቅጂው ደግሞ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ያስቀመጠችው እሷ ናት። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያን ጊዜ ገባኝ። መጠገን አቅቷት አልነበረም፤ በሕይወት መኖሬን ለማየት ነው ያስጠራችኝ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ ኃላፊው።

«ሳምንት ይፈጃል» ብላ ቀደመችኝ። «በየቀኑ መምጣት ይኖርበታል።»

አንድ ሳምንት። ያ ወንበር፣ ያ ድምፅ፣ እሷ። በሩ ላይ የቆመውን ጠባቂ አየሁት፤ ዓይኑን ከአፌ ላይ አላነሳም።

«ዛሬ ያልቃል» አልኩ።

በአንድ አፍታ የሚያልቀውን ሥራ ግን እስከ ቀትር አቆየሁት። ሻሂና ዳቦ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ይህቺ መስመር ምንድን ናት?» ትለኛለች፣ ከእኔ እኩል የምታውቃትን። እኔም ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ። «ይህችስ?» እንዲህ እያልን ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ወረድን። ስለ ሌላ ነገር አንዲት ቃል ከአፋችን አልወጣችም።

የሓዝሓዝ ተራ የማሽኑ መስታወት ላይ ሲወጣ ጠባቂው ተጠግቶ አነበበ።

«እንደገና ቢቆምስ?» አለ ኃላፊው።

ጥሩኝ ብል ይጠሩኝ ነበር። ግን አንድ ቀን ያን መሳቢያ ከፍቶ «ቅጂው እያለ ለምን አስጠራሽው?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ይመጣል።

«እሷ ትችላለች» አልኩት። «አሁን አሳይቻታለሁ።»

ተነሥቼ ወንበሩን ወደ እሷ ገፋሁላት፤ እስክትቀመጥም ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ለጠባቂው «እንሂድ» አልኩት።

ከወራት በኋላ ተፈታሁ፤ በዚያው ቀን አውቶቡስ ላይ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሰደዱኝ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። ስልኩ ሲከፈት ሁለታችንም ሸብተን ነበር። ቁጥሯን አፈላልጌ ደወልኩ።

«ዛሬ ያልቃል ስትል እንዴት እንደጠላሁህ!» አለችኝ። ከዚያ «ሓቅኻ ግን፣ እውነትህን ነበር» አለች። «መቼ ትመጣለህ?»

«በቅርቡ» አልኳት።

አልሄድኩም። ትኬት ቤቱ ደጃፍ ደርሼ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። የምፈራው እስር ቤቱን አይደለም። እስከ ፌርማታው ሸኝቻት ሌላ የምለው እንዳላጣ ነው።