ያላየሁት ምሳ

ወሬውን የሰማሁት ደሴ፣ ከምሠራበት ቢሮ በር ላይ ነው። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ያመጡልኝ በወረኢሉና በመካነ ሰላም መካከል እየተመላለሱ የበግ ጠጉር ባና የሚሸጡ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። አባቴን በደንብ ያውቁታል፤ ደሴ በመጡ ቁጥር ሳይጠይቁኝ አያልፉም።

«መካነ ሰላም የዕርዳታ እህል ገብቷል» አሉኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ።

«ተመስገን ነው።»

«ቆይ፣ አትቸኩይ። ሰልፉ አጠገብ ቆሜ ነበር። የወረዳው ጸሐፊ ዝርዝር ይዞ፣ ስሙ ያለበትን ሰው ‹አንተማ ባለቀለብ ነህ፣ ጌታህ ያበላሃል፣ ዘወር በል› እያለ ይመልሳል። ማን ጻፈው ብል አንቺን አሉኝ። ወላሂ፣ አፈርኩ።»

«ማንን መለሱ?»

«የዚያችን ባለ መሬት ባልቴት ቤት ሠራተኞች በሙሉ። ያቺ ፈጪዋ፣ ልጅ ያላት፣ ሁለት ቀን ተሰልፋ ሁለት ቀን ተመለሰች።» ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ «አብሽሪ» አሉኝ። «አላህ የልብሽን ያውቃል።»

እኔ የማስበው የጻፍኩትን ነበር።

ያን ጊዜ የምሠራው፣ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው ምን እንደሚከፍሉ በሚያጠና መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ቤት ለቤት፣ ሱቅ ለሱቅ፣ ወፍጮ ለወፍጮ እየዞርሽ ትጠይቂያለሽ። ስንት ሰው ቀጥረዋል? በወር ስንት ብር? ቀለብ አለው? ልብስ? ማደሪያ? የታመመበት ቀን ይታሰብለታል? መልሱን በቅጹ ላይ ትሞያለሽ፤ አሠሪው ይፈርማል ወይም በጣቱ ይፈርማል፤ አንዱ ቅጂ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀራል፣ ሌላው ከኛ ጋር ይሄዳል። ብር ያልሆነው ሁሉ በገበያ ዋጋ ተሰልቶ ብር ይሆናል። አዲስ አበባ ያሉት ማወቅ የፈለጉት አንድ ሠራተኛ አሠሪውን ስንት እንደሚያስወጣው ነው።

በኛ አገር ግን ብር የሚከፈለው ጥቂት ሰው ነበር። የዓመት ቅጥር ማለት ቀለብ፣ ለመስቀል አንድ ቀሚስ ወይም አንድ ቁምጣ፣ ለወንዱ ደግሞ የራሱን ማሳ የሚያርስበት ጥማድ በሬ ለጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ ከቅጹ ሁሉ ከባዱ የቀለቡ መስመር ነበር። በቀን ስንት ጊዜ፣ ምን ዓይነት፣ ምን ያህል ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ከተቻለ በዓይን ታይቶ ይሞላ» የሚል ትእዛዝ አለ።

መካነ ሰላም የተላክሁት አገሬ ስለሆነ ነው፤ ሰው አያሳስታትም ብለው። ጥቅምት ነበር። ረሃቡ በቆላው ሰንብቷል፣ ወደ ደጋው ገና እየወጣ ነው። ባልቴቷ ሰፊ ግቢና ሰፊ መሬት ያላቸው፣ ስድስት ሰው የሚያሠሩ ሴት ናቸው። ሠራተኞቻቸው እሜቴ ይሏቸዋል።

«እንደ ልጆቼ ነው የምይዛቸው» አሉኝ። «በቀን ሦስቴ። እኔ የምበላውን ይበላሉ። ጻፊ።»

ጻፍኩ።

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ምሳ ሲደርስ ግን ተነሥቼ እሄዳለሁ። የጽጌ ጾም ነበርና። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ የፈቃድ ጾም ደግሞ አይወራም፣ ጾመኛ ነኝ ማለት ራስን ማሳየት ነው። የቀረበን ምግብ ያለ ምክንያት መመለስም ቤቱን መናቅ ነው። እናቴ ያስተማረችኝ መላ ገበታ ሳይቀርብ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም መውጣት ነበር። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቅጾቼን ጠቅልዬ ማርያም እሄድና ወይራው ሥር ዳዊቴን ይዤ እቀመጣለሁ። ስመለስ ገበታው ተነሥቷል።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ፣ ፈጪዋ ወፍጮው ላይ ተደፍታ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ግራ እጇ ላይ እስከ ክርኗ የሚደርስ የእሳት ጠባሳ ያላት ሴት ናት። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ የወደቀውን ፍሬ ትለቅማለች።

«እቴ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ምሳችን ሲቀርብ የምትሸሺው እንዳንሻማሽ ፈርተሽ ነው?»

«ማርያም ልሳለም ሄጄ ነው።»

«እንግዲያው ስትሄጂ ጸልዪልን። ምሳችን ትንሽ ናትና ከሩቅ አትታይሽም።»

በሩ ላይ እርፍ የሚጠርበው አራሽ ሳቀ። «ተያት፣ እንኳን እሷ ኖረች። በወረቀቱ ላይ ጠግበን እንደር።»

እኔም ሳቅሁ። በጌታው የማይቀልድ ሠራተኛ የት አለ? ከዚያ በደንቡ መሠረት ሴትዮዋን ራሷን ስለ ቀለቡ ጠየቅኋት። እሜቴ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«እሜቴ እንዳሉት ነው» አለች። እሱንም ጻፍኩ። ስለ ልጅቷ የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ የለም። የምትበላው ከእናቷ ድርሻ ነበር።

ደሴ ተመልሰን ቅጾቹን ስናሰላ የገብስ ዋጋ በየገበያው ይጨምር ነበር። እህሉ በተወደደ ቁጥር ያ በቀን ሦስቴ ያልኩት ቀለብ በብር እየከበረ ሄደ። በወረቀቱ ላይ የመካነ ሰላም ፈጪ፣ ረሃብ በገባበት ዓመት፣ ደመወዟ ጨምሮላታል። በየካቲት አዲስ አበባ ሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ ይጨመርልን ብሎ አድማ ሲመታ፣ እኛም ቁጥሩን ቶሎ አድርሱ ተባልን። ቆም ብሎ ይህ እንዴት ይሆናል ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። ወረዳው የቀረው ቅጂ የት ይውላል ብዬም አላሰብኩ።

ሽማግሌውን ሸኝቼ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያን ሰሞን ግን ከወንበራቸው ለመነሣት እንኳ ይታክታቸው ነበር።

«ጋሼ፣ የቀለቡን መስመር ምግቡን ሳላይ ነው የሞላሁት።»

«ፊርማ አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ? አገር እየተገለበጠ አንቺ የሰው ምሳ ልይ ትያለሽ።» መሳቢያቸውን ሳቡና ባዶ ቅጾች ሰጡኝ። «ሰባት ቀን። ስምንት ካደረግሽው አላውቅሽም።»

እስከ ወረኢሉ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ሁለት ቀን በበቅሎና በእግር ሄድኩ። ወደ ወረኢሉ የሚወርደው ሰው ከእኛ ጋር ይተላለፍ ነበር። ሰላምታ የመመለስ አቅም ያለው ጥቂት ነው። ማየት አቃተኝና ነጠላዬን ፊቴ ላይ አውርጄ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ አለፍኩ። ያን ያህል ሰው ሲያልፍ አንዱን እንኳ ትኩር ብዬ አላየሁም።

ባልቴቷ ቤት የደረስኩት ለምሳ ነው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም።

«ዛሬስ ትቀመጫለሽ?» አሉኝ።

«እቀመጣለሁ፣ እማማ። ከሠራተኞቹ ጋር።»

አንድ ገበቴ የባቄላ ንፍሮ ለአምስት ሰው ቀረበ። ይቅርታ ጠይቄ በእፍኜ ሰፈርኩት። ለአንድ ሰው አንድ እፍኝ ተኩል አይሞላም።

«ማታስ?»

«ማታ ይኸው ነው፣ ከተረፈ» አለኝ አራሹ። አሁን አልቀለደም።

እሜቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «የኔስ ከዚህ የሚሻል መሰለሽ? ጎተራው ያኔም እያለቀ ነበር። ሦስቴ ያልኩሽ በደጉ ጊዜ የማበላውን ነው። የኔ ቤት ምግብ አነሰው ብዬ ለመንግሥት ላስጽፍ?»

አልተቆጣኋቸውም። እኔም ስለ ጾሜ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ነበርና።

«ፈጪዋስ?»

«ሄደች» አሉ እሜቴ። «እህሉን ከከለከሏት በኋላ ምን ትብላ እዚህ? ልጇን ይዛ በወረኢሉ መንገድ ወጣች። አራተኛ ቀኗ ነው።»

በዚያ መንገድ ነው የመጣሁት።

አምስቱን ቅጾች እንደገና ሞላሁ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ንፍሮ፣ በዓይን የታየ። የወረዳው ጸሐፊ የድሮዎቹንና የአሁኖቹን ቅጾች ጎን ለጎን አድርጎ አየኝ። «ጠግበዋል ያልሽ አንቺ፣ ተርበዋል የምትይ አንቺ። የትኛዋን ልመን?»

«የዛሬዋን። አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ።»

አምስቱን መዘገበ። ስለ ስድስተኛዋ ብለምነው «የሌለ ሰው አልመዘግብም» አለ። እውነቱን ነው። ስመለስ ወረኢሉ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ለረሃብተኞች በተሠራው መጠለያ የሰውን ፊት እየገለጥኩ ፈለግሁ። ስም የሚጽፍ አልነበረም። ስምንተኛው ቀን ሲመጣ ደሴ ገባሁ።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ መሬቱ ተከፋፈለ፣ የባልቴቷ ግቢ ሌላ ሆነ። እኔ ወደ ደቡብ ተዛወርኩ፤ አሁንም ያለሁት አርባ ምንጭ ነው፣ ሙቀቱን እስከ ዛሬ ያልለመድኩት። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሥራ ላይ ነበርኩ። አሠሪ አወጣሁ የሚለውና ሠራተኛው እጅ የሚደርሰው ሁለት ለየብቻ የሚጠየቁ ነገሮች መሆናቸውን ከኔ በኋላ ለመጡት ሁሉ ነግሬያለሁ። ሠራተኛን አሠሪው ባለበት አትጠይቁ፣ ምሳ ሰዓት ሂዱ እላቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ለንስሐ አባቴ ግን ነግሬያቸዋለሁ። ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል ብለውኛል። አምናቸዋለሁ። እንቅልፌ ግን እስከ ዛሬ አልተስተካከለም።

ስለዚህ በዚያ በዓለ ሃምሳ ወረኢሉ የነበራችሁ፣ መጠለያው ውስጥ ያደራችሁ፣ ምግብ ያደላችሁ፣ አስከሬን ያነሣችሁ፣ ወይም በመንገዱ ዳር ቤት ኖሯችሁ ውኃ ያቀበላችሁ፣ እለምናችኋለሁ። ግራ እጇ እስከ ክርኗ ጠባሳ ያለባት፣ ተናጋሪ፣ ስድስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ የያዘች እናት አይታችሁ ከሆነ ንገሩኝ። ልጅቷ ተርፋ ከሆነ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ የት እንዳለች የሚያውቅ ካለ እሱንም ይንገረኝ። ሁለቱም አልተረፉ ከሆነ የት እንደተቀበሩ አሳዩኝ። ታዝናለች ብላችሁ ዝም አትበሉ።