የጠራዡ አባት

የመዝገብ ቤቱ መጽሐፍ ጠራዥ ስልሳ ዓመት ሊሞላው አራት ወር ቀርቶት ነበር። ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከመርፌው፣ ሰም ከተቀባው ክርና ከሙጫ ቆርቆሮው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። ባልደረቦቹ «ባላባቱ» ይሉታል። ቁልምጫ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። እናቱ በወጣትነቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ትልቅ ርስት ግቢ ልብስ አጣቢ ነበረች፤ እሱ ያደገው ያለ አባት ነው፤ ሰው ሁለቱን ደምሮ የርስቱ ጌታ ወልደውታል ብሎ ፈረደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣ ይህን ወሬ ጠራዡ ከልጅነቱ ጀምሮ እስኪሰለቸው ሰምቶታል። በአባት ስም ቦታ የሚጽፈው የእናቱን አባት ነው። እናቱን በጠየቃት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፤ «ሆድ ይፍጀው ልጄ።»

አንድ ሰኞ ጠዋት የዚያ ርስት መዝገብ ጀርባው ተገንጥሎ ሊጠረዝ መጣ።

ጠራዥ የሚጠርዘውን አያነብም ይባላል፤ ውሸት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ማዕረጉን ያብራራል። ባላባት ማለት ባለ አባት ማለት ነው ይላል፤ አባቱ የሚታወቅ፣ መሬቱንም ከአባቱ የተቀበለ። ቀጥሎ ወንዙ፣ ኮረብታው፣ የወሰን ድንጋዮቹ፤ ሰባት ትውልድ በሰባት የእጅ ጽሑፍ። የፊተኞቹ ወሰን የሚጠብቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰዎች ነበሩ። ወደ መጨረሻው ግን ማስታረቁ ቀርቶ ከአራሾች ሰብል ድርሻ መቀበሉ ብቻ ይጻፋል። ከዚያ የአራሾቹ ዝርዝር ይመጣል። አራሽም ቢሆን አባቱ ከተመዘገበ የአባቱን ማሳ ይይዛል፤ አባት የሌለው ምንም አይጠይቅም። ሰው እንደ ማሳ በገመድ ሲለካ ማየት ያማል።

የተወለደበት ዓመት ላይ ሲደርስ የእናቱን ስም አገኘ። «ወንድ ልጅ ወለደች። አባት፦» ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ጣቱ ግን ከዓይኑ ቀደመ፤ በምላጭ የተፋቀ ወረቀት ይሳሳል። ጌታው የገዛ ስማቸውን ፍቀው ይሆን? ይህን ዕድሜውን ሙሉ ፈርቶታል፤ እውነቱን ለመናገር ተመኝቶታልም። ከጀርባው የተላቀቀውን ገጽ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣ። ቀለሙ ተፍቆ ቢሄድም የብዕሩ ጭረት ወረቀቱ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ፣ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ።

የጌታው ስም አልነበረም። ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ገለጠ። ያው ስም ከአራሾቹ መካከል ቀይ መስመር ተሰምሮበት ቆሟል፤ «ድርሻ አልሰጥም ብሎ ተባረረ።»

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ ቤት ሮጠ ማለት ይቻላል። እናቱ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሱን ሸሚዝ ታጥፋለች።

«እማዬ፣ ጌታው አይደሉም።»

«ማን አለህ?»

«መዝገቡ።» የሰውየውን ስም ጠራላት።

እጇ ሸሚዙ ላይ ቀረ። «ስሙን ካነሣሽ ልጅሽን ይዘሽ ትወጫለሽ አሉኝ ጌታው» አለች። «የአባትህን ማሳ ነገ እንዳትጠይቃቸው ፈርተው ነው። ሰው የጌታው ልጅ ነው ሲል ዝም አልኩ። ያ ወሬ ባይኖር ግቢው ውስጥ ማን ያስቀምጥህ ነበር?»

«እሺ፣ ከግቢው ከወጣን በኋላስ? ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ስልሳ ዓመት ሙሉ አንገቴን ደፋሁ እኮ!» ተናዶ ነበር፤ በእናቱ ላይ ድምፁን ሲያነሣ የመጀመሪያው ነው።

«መጥቶ ይወስደናል ብዬ ጠበቅሁ። ቀረ። ከዚያ ስሙን ልጠራ ስል አፌ እንቢ አለኝ።»

ንዴቱ የት እንደገባ አላወቀም። አጠገቧ ተቀመጠ።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

«ምኑን?»

«ስሙን። በሰው አፍ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ።»

ደገመላት። ሸሚዙን ማጠፏን ስትቀጥል ያልሰማች መስሎት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሦስተኛ ጊዜ ጠራው። እሷ ግን የመጀመሪያውንም ሰምታዋለች።