መንጋጋው ሰልማ እጅ ሲገባ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። መተማ ዮሐንስን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በሚያዝያ ቀትር ፈታሹም ኮንትሮባንዲስቱም አንድ ጥላ ሥር ነው የሚያንቀላፉት። ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ገላባት ስገባ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ሰው አገሩን ጥሎ ሲሄድ ቢያንስ አንድ ሰው «ወዴት ነው?» ሊለው ይገባል።

እናቴ እስከ ድልድዩ አልሸኘችኝም፤ ሥራ ላይ ነበረች። ከሽንፋ የመጣች ሴት ሕፃን አዝላ ከጭነት መኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ ደጃፋችን ካለው ኒም ዛፍ ሥር ትጠብቃት ነበር። ሥራዋን አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ ኋላ የደበቅኋችሁ እንዳይመስል። እናቴ ግግ ታወጣለች። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው የኛ ሰው «ግግ ነው» ይላል። ከዚያ ድዱ ይከፈትና ገና ያልበቀለው ክራንቻ ጥርስ ተፈልፍሎ ይወጣል። ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ትል ይመስላል። እናቴ በተሳለ የብስክሌት ሽቦ ታወጣዋለች፤ ከሸሕዲም ከገላባትም ይመጡላታል፣ ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ የደጋ ሴቶችም አይቀሩባትም። የኔንም ያወጣችው እሷው ናት። ቦታው ባዶ ቀርቷል፤ እኔ ስስቅ ከንፈሬን የምገጥመው ለዚህ ነው።

ካርቱም አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ወለል በማጽዳት ጀመርኩ። ከወለል ወደ ዕቃ ማጠብ፣ ከዕቃ ማጠብ ለሐኪሙ መሣሪያ ወደ ማቀበል ከፍ አልኩ። እናቴ የምታወጣው ትል ሳይሆን ጥርስ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ በስልክ እጮህባት ጀመር። «ተይ ብያለሁ፣ ሰው ትገድያለሽ» እላታለሁ። እሷ ደግሞ «እህል በላሽ?» ትለኛለች።

ጦርነቱ ሲመጣ በጁባ አድርጌ ካምፓላ ገባሁ። የስደተኞች ጉዳይ የሚያየው ሰውዬ ወረቀቴን ገለባበጠና፣

«ኢትዮጵያዊት ነሽ፤ የሸሸሽው ግን የሱዳንን ጦርነት ነው» አለኝ።

«አዎ።»

«የራሳችሁስ አገር ሰላም ነው?»

«ሰላም እንኳ አይደለም።»

«ታዲያ የትኛውን ነው የሸሸሽው?»

«በቅደም ተከተል ልንገርዎት?»

አልሳቀም። «ሌላ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ አሰናበተኝ።

አከራዬ ማማ ሮዝ ደግሞ የእንጀራ ሊጤን ጠላችው። «ያ የምታቦኪው ነገር ግድግዳዬን አሸተተው» አለችኝ።

«ማማ፣ ግድግዳው ሻግቷል። የሚሸተው እሱ ነው።»

«እንግዲያው ተዋወቁ፤ አብራችሁ ነው የምትኖሩት» ብላኝ ሄደች።

ሻጋታው እውነት ነው። ካምፓላ በየቀኑ ይዘንባል። መተማ ልብስ አስጥተሽ ፊትሽን ሳታዞሪ ይደርቃል፤ እዚህ ሸሚዜ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ስታነባ ትቆያለች። ምግቡ ማቶኬ ነው፣ የተቀቀለ ሙዝ። መጀመሪያ ድንች ነው ብዬ ራሴን አታልዬ በላሁት፤ አሁን ሳልታለልም እበላዋለሁ።

ለስደተኞች በተከፈተ የትምህርት ዕድል የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባሁ። ሰልማን ያገኘኋት እዚያ ነው። ሰልማ የገላባት ልጅ ናት። እናቷ ሻይ የምትሸጠው እኛ ገበያ ስለነበር አማርኛዋ እንደኔው ነው። ድልድይ ለይቶን አድገን የተዋወቅነው ዩጋንዳ ውስጥ ነው ስላችሁ ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ቀናሁባት። ይኸው ተናገርኩት። ጥርሷ ሙሉ ነው፣ ነጭ ነው፣ ስትስቅ እስከ ጥግ ድረስ ይታያል። እንግሊዝኛዋ ከኔ የባሰ ነው፣ ግን ምንም አታፍርም። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በሆዴ ሦስት ጊዜ አርሜ ሳልጨርስ እሷ ክፍሉን በሙሉ ታስቃለች። 

አስተማሪያችን ዶክተር ናንሱቡጋ ወንበሮቹን ክብ ያስደረድራሉ። ጥርስ መቁጠር የምንለማመድበት የጀሶ መንጋጋ አለ፤ እሱን ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፋሉ። መንጋጋውን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ያደምጣል፣ መናገር ያልፈለገ ለጎረቤቱ ይሰጣል። አንዲት ሕግ አለቻቸው። «ስለ ሕዝብ አትንገሩኝ፤ ያያችሁትን ንገሩኝ» ይላሉ። ከሰባት አገር የተለቃቀምን ተማሪዎች ሳንሰዳደብ አንድ ዓመት የዘለቅነው በዚች ሕግ ነው። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ መንጋጋውን አሳልፌያለሁ። ሰልማ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም።

አንድ ቀን ዶክተሯ «ዛሬ ስለ ኢቢኖ እንነጋገር» አሉ። ኢቢኖ ምን እንደሆነ ሲያስረዱ ክው አልኩ። ግግ ነው። ራሱ ግግ። ከሰሜን ዩጋንዳ የመጣው ኦኬሎ መንጋጋውን ይዞ የእህቱ ልጅ በሹራብ መሥሪያ ኪሮሽ እንዴት እንደወጣለት ተናገረ። ለካ የኛ ብቻ አልነበረም። እፎይ ማለት ሲገባኝ፣ ነውራችን እንኳ የብቻችን አለመሆኑ ቅር አሰኘኝ። ቀናተኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ምንም ነገር መካፈል አይወድም።

መንጋጋው ሰልማ ጋ ደረሰ።

«የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አለች። «ወንድሜ ጡት አልጠባ አለ፣ አስቀመጠው። እናቴ አዝላው ድልድዩን ተሻገርን። ከጭነት መኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ሥር አንዲት ሴት ነበረች። በብስክሌት ሽቦ አወጣችለት። ደግ ሴት ነበረች። ለኔ ውኃ ሰጠችኝ፣ እናቴ ስታለቅስ አብራ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ሞተ። ተቅማጡ ይሁን ሽቦው አላውቅም። እኔ ያየሁት ይህን ነው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ኦኬሎ ዓይኑን ጠረገ፤ ዶክተሯም መነጽራቸውን አወለቁ። እኔስ ምን ተሰማኝ? ስለ ሕፃኑ ማዘን ነበረብኝ፣ ኋላ አዝኛለሁ። በዚያች ሰዓት ግን የኔ ኒም፣ የኔ ደጃፍ፣ የኔ እናት በሷ አፍ ሲነገር ሰው ሁሉ ማልቀሱ አቃጠለኝ። መንጋጋውን ሰጠችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አላሳለፍኩትም።

«ሴትየዋ እናቴ ናት» አልኩ።

እውነት ልናገር ብዬ አልነበረም። ያን ጸጥታ ልቀማት ብዬ ነው።

ከወዲያ ማዶ አንዱ «ታዲያ እናትሽ ነፍሰ ገዳይ ናታ» አለ። ዶክተር ናንሱቡጋ «መንጋጋው ያለው በእሷ እጅ ነው» ብለው ዝም አሰኙትና ወደኔ ዞሩ። ጠበቁኝ። ስለ ድድና ስለ መመረዝ ብጠየቅ ግማሽ ሰዓት እናገር ነበር። የተጠየቅሁት ግን ስለ እናቴ ነው። ይህን ሥራ ከማን እንደተማረችው፣ ለምን እንደጀመረችው አላውቅም። መንጋጋውን ለጎረቤቴ ሰጠሁት።

ስንወጣ ሰልማ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እማማ ደኅና ናቸው?» አለችኝ።

«ደኅና ናት።»

«አሁንም ያወጣሉ?»

«አልሰማ ብላኛለች።»

«እሑድ ስትደውይ ልምጣ? ባናግራቸው ደስ ይለኛል።»

እንቢ ልል ነበር። ወንድሟ የሞተባትን ልጅ እንዴት እንቢ ይሏል?

እሑድ መጣች። አልጋዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስልኩን ድምፁ ለሁለታችን እንዲሰማ አደረግሁት።

«እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ሰልማ ነኝ፣ እናንተ ገበያ ሻይ ትሸጥ የነበረችው የገላባቷ የፋጢማ ልጅ።»

«የፋጢማ ልጅ» አለች እናቴ። «ኧረ እናንተስ ጦርነቱ እንዴት አደረጋችሁ? ሕፃን ይዛችሁ መጥታችሁ ነበርኮ አንድ ጊዜ። ያ ማሙሽ አደገ?»

ሰልማ አየችኝ። ስልኩን ልነጥቃት እጄን ስዘረጋ በቀስታ ያዘችው።

«አላደገም፣ እማማ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።»

 ከእናቴ በኩል የጭነት መኪና ጥሩንባ ብቻ ተሰማ።

«በእርስዎ ነው አላልኩም፤ ተቅማጡም ጠንቶበት ነበር» አለች ሰልማ። «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህን ሥራ ማን አስተማረዎ?»

እናቴ መናገር ጀመረች። የበኩር ልጇ ደሳለኝ ይባል ነበር፤ በስምንት ወሩ በተቅማጥ ሞተባት። ለቅሶ የመጣች አንዲት ሴት «ግጉን ብታወጭለት ይተርፍ ነበር» አለቻት። «ከዚያ ወዲያ የሰው ልጅ ሲሞት እጄን አጣጥፌ አላይም ብዬ ሴትየዋን ተከትዬ ተማርኩ» አለች። እኔ ደሳለኝ የሚባል ወንድም እንደነበረኝ የሰማሁት በሠላሳ ዓመቴ፣ ካምፓላ፣ ሰልማ ጠይቃልኝ ነው።

«እንግዲህ ይዘው ሲመጡ ምን ልበላቸው?» አለች እናቴ በመጨረሻ።

«ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ስኳርና ጨው በጥብጠው ያጠጡልኝ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩልኝ። ድዱን ግን አይንኩት።»

«እሽ፣ ልጄ።»

ልጄ አለቻት። ስልኩን ተቀበልኩ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ስነግርሽ ያልሰማሽኝ ለምንድን ነው?» አልኳት። ሰልማ ወደ መስኮቱ ዞረችልኝ።

«አንችማ ነገርሽኝ» አለች እናቴ። «መቼ ጠየቅሽኝ?»

በሚቀጥለው እሑድ ሰልማ እኔ ቤት ሳለች ስልኳ ጠራ። እናቴ ናት። ቁጥሯን መቼ እንደሰጠቻት አላውቅም። ከሽንፋ ሕፃን ይዛ የመጣች ሴትን ወደ ጤና ጣቢያ ልካ ነበር፤ ሕፃኑ ጡት መጥባት ጀምሯል። ሰልማ ሳቀች። በዚያኛው ጫፍ እናቴም ስትስቅ ይሰማኛል፤ እኔ ስደውል እንዲህ ስቃ አታውቅም። ሕፃኑ ተርፏል፣ ደስ ብሎኛል፣ እግዚአብሔር ያውቃል ደስ ብሎኛል። ሰልማ ስልኳን ዘግታ እስክትወጣ ጠበቅሁ፤ ከወጣችም በኋላ እናቴ ለኔም ትደውላለች ብዬ እስኪመሽ ጠበቅሁ። ስልኬ በእጄ ነበር፣ ኔትወርኩም ሙሉ ነበር።