ምን ብዬ ልጩኽ?

ለልጄ ቢላዋ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ገብታ መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ስንከራይላት፣ ሽንኩርት የምከትፍበትን ትንሹን ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልዬ ከመቀነቷ ሥር አሰርሁላት። ዓርብ ማታ ትመጣለች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። የታችኛው መንገድ ቤት ለቤት ያስኬዳል። እኔ ግን «በላይ፣ በገደሉ ሥር ሂጂ፤ ሰው አይይሽ፤ አንቺም ቀና ብለሽ ማንንም አትዪ» እላት ነበር። ያልታየች ልጅ አትነካም ብዬ አምን ነበር።

ፍርሃቴ ከእህቴ የመጣ ነው። ታላቅ እህቴ በልጅነቷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ በዚያው ቀረች። የወሰዳት ሰው ባዳ አልነበረም፤ ቤታችን ገብቶ በሶ በጥብጠን ያጠጣነው ነው። ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ አለቀ። እሷን የጠየቃት አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ስንገናኝ «ምነው አልጮኽሽም? ከምንጩ በላይ እኮ ሰው ያጭድ ነበር» ብላት፣ «ምን ብዬ?» አለችኝ።

ልጄ ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት መጣች፤ ባቄላ የሚወቃበት ሰሞን ነበር። መንገድ ላይ አንዲት ተማሪ ሊይዙ ነበር የሚል ወሬ ከገበያ ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም፤ ፈሪ ወሬ አያጣራም።

«በቃ፣ ትምህርቱ ይቅርብሽ» አልኋት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። «እማዬ፣ እስኪ ነይ ያዢኝ» አለችኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ያዢኝ ስልሽ! ሊወስደኝ እንደመጣ ሰው።»

ሁለት እጇን ጨምድጄ ያዝሁ። ቢላዋው ከልብሷ ሥር ነው፤ ከየት ደርሳበት! «እሺ፣ አውጥቼዋለሁ እንበል» ብላ በቢላዋው ፈንታ ማማሰያ ያዘች። የእኔ እጅ ወፍጮና ማጭድ ያጠነከረው ነው። አንዴ ጠምዘዝ ባደርጋት ማማሰያው ከእኔ እጅ ገባ።

«ይኸው። አሁን ቢላዋው የማን ነው?»

«እንግዲያስ ሚጥሚጣ ቋጥረሽ ሂጂ» አልኋት። ደጅ ወጥታ ቋጠሮውን ፈትታ በተነችው። የደጋ ነፋስ ለማን ያዳላል? መልሶ ለሁለታችን ዓይን አመጣው። እኔ ዓይኔን እየታጠብሁ እራገማለሁ፣ እሷ እያነባች ትስቃለች።

«እማዬ፣ ጠላፊው ቢያየን በሳቅ ይሞትልን ነበር።»

ዓይናችን ሲሻለው የስፖርት መምህርቷ ያስተማረቻቸውን አሳየችኝ። የያዘሽ ሰው እጅ የሚከፈተው በአውራ ጣቱ በኩል ነው፤ ዝም ብለሽ ወደ ኋላ አትጎትቺ፣ በዚያ በኩል አዙረሽ አውጪው፤ ከወጣሽ ስንቅሽን ጥለሽ ሩጪ። «ለመማታት አይደለም፣ ለማምለጥ ነው» አለች። አጥብቄ ያዝኋት፤ እንደ ተልባ ሙልጭ ብላ ወጣች። ደግሜ ያዝሁ፣ ደግማ ወጣች።

«ከዚያስ?» አልሁ።

«ከዚያማ መጮኽ ነው። እሱን ግን አልችልም፣ እማዬ። ጓደኞቼ ሲጮኹ የኔ ድምፅ አልወጣ አለኝ።»

ድምፅዋን ያስቀረሁት እኔው ነኝ። በእኛ አገር ሰው ሳይሞት ኡኡ አይባልም፤ ሟርት ነው። ሕፃን ሆና በጨዋታ ስትጮኽ አፏን በመዳፌ እየከደንሁ ነው ያሳደግኋት። እህቴ ትዝ አለችኝ። «ቆይ» አልሁና ወደ ጓሮ ወጥቼ፣ ባለ በሌለ ድምፄ «ኡኡ! ኡኡ!» አልሁ።

ልጄ ክው አለች።

ሰውም መጣ፤ ግን ቆይቶ። መጀመሪያ አሮጊቷ ጎረቤቴ፣ ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ገልብጣ ለብሳ። ቀጥሎ ባቄላ ሲወቁ የነበሩት፣ እህሉን የሚያገላብጡበትን መንሽ እንደያዙ። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን፣ መስቀላቸውን ይዘው።

«ማን ነው ያረፈው?» አሉ አባ።

«ማንም አላረፈም፣ አባ። ልጄን መጮኽ ላስተምራት ብዬ ነው።»

«ወይ አንቺ!» አለች አሮጊቷ። «እንባዬን አዘጋጅቼ መጥቼ! አሁን ማን ላይ ላፍስሰው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አባ ግን አልሳቁም። ልጄን አስጠግተው ነገሩን ሁሉ ጠየቋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚ። ድምፅሽን ስሰማ እኔም ከአውድማው ነበርሁ። ቤት ገብቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ መስቀሌን ይዤ ነው የመጣሁት። ለሞተ ሰው አይቸኮልማ። ሰው ይዟት ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ስታጠብ ወስዷት ነበር።»

«እኔም ነጠላ ስገለብጥ» አለች አሮጊቷ። አሁን አልሳቀችም።

«ታዲያ ምን ብላ ትጩኽ፣ አባ?»

«የሆነውን ነዋ! ‹ሰው ያዘኝ፣ ድረሱልኝ!› ካለች መንሽ የያዘ ሁሉ ሮጦ ይደርሳል።»

ለእህቴ ያጣሁላት መልስ ይኸው ነበር። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ማንም አልነገራትም።

ልጄን እዚያው አስጮኋት። መጀመሪያ ድምፅዋ የጫጩት ሆነ። ከወቂዎቹ አንዱ «ይህንንማ ዶሮም አትሰማው!» ቢላት ተናደደች። በሦስተኛው «ድረሱልኝ!» ስትል ማዶ ያለው ውሻ ሁሉ ጮኸ።

የእረፍቱ ማብቂያ እሑድ ደረሰ። ስንቋን እያሰርሁላት ሁለት ጊዜ «ይቅር» ልል አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። በታችኛው መንገድ አብረን ወረድን። በየቤቱ እየቆምን ሰላም አልን፤ በየትኛው ሰዓት እንደምታልፍ ነገርናቸው፣ ፊቷን አዩት። እኔ ከሰው የደበቅኋትን ልጅ እጇን ይዤ ሳሳይ ዋልሁ።

መንገዱ ከሚያቋርጠው ወንዝ በላይ ካለው ዳገት ደረስን፤ ከዚያ ወዲያ ቤት የለም። «ብቻሽን አትሻገሪ፤ ሰው ጠብቂ፤ ስትሻገሪ ተጣሪልኝ» አልኋት። ቢላዋውን ተቀብያት እዚያው ቁጭ አልሁ። ወርዳ ከዓይኔ ተሰወረች። አንድ ዳዊት የሚያስደግም ያህል ቆየሁ መሰለኝ።

«እማዬ! ሁለት ሴቶች መጡ! ልሻገር ነው!»

ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ተነሥቼ ቆምሁ፣ ትንፋሼን ሳብሁ።

«ሂጂ!» አልሁ። «ሂጂ ልጄ!»