ቃሉ የተሰረዘው ለቅሶ

ውባንች አዛናው ተዋናይን ማሠልጠን የምትጀምረው አፉን በማዘጋት ነበር። ጽሑፍ ከማደሏ በፊት፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ታሪኩን በእጅ፣ በእግርና በዓይን እንዲነግሯት ታስገድዳቸዋለች።

«ኧረ እትየ፣ ምላሴ ሻገተ!» ትላለች ሻይ ሻጯ አለምነሽ።

«ሻይ ስትሸጪ ታወሪዋለሽ፤ እዚህ አሳዪኝ።»

ውባንች ከሳንጃ ለመምህርነት ተመድባ መተማ ዮሐንስ የገባችው በ1966 ዓ.ም. ነው። ቀበሌው የኪነት ቡድን ሲያቋቁም፣ ወንድን ሴት አታዝም ያሉትን ሁሉ አሳፍራ ኃላፊነቱን ያዘች። መድረኳ የትራክተር ተጎታች፣ መጋረጃዋም ተገጣጥሞ የተሰፋ የሰሊጥ ጆንያ ነበር። በአራት ዓመት ሰባት ቴአትር አዘጋጀች፤ ከሱዳኗ ገላባት ድንበር የሚሻገሩ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ግመላቸውን አስረው ይመለከቱላት ነበር።

ስምንተኛው፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወጥቶ ስላልተመለሰ ወጣት የሚተርክ ነበር። በመጨረሻው ትዕይንት እናቱ ሙሾ ታወርድለታለች። ዘመኑ 1971 ነው፤ በከተማዋ በቀይ ሽብር ተገድለው ድንኳን እንዳይተከልላቸው፣ እንዳይለቀስላቸው የተከለከሉ ሟቾች ነበሩ።

ጽሑፉን ሊገመግም ከአውራጃው የመጣው ካድሬ፣ ጓድ ዳኛው የሚባለው፣ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ጓዲት ውባንች፣ ይህች እናት የምታለቅሰው ለማን ነው?»

«ለልጇ።»

«በምን ሞተ?»

«ጽሑፉ አይናገርም።»

«እኮ! ያልተናገረው ነው ያሠጋኝ።» ሙሾውን ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ሰረዘው። «ከዚህ አንዲት ቃል መድረክ ላይ ብሰማ ቡድኑ ይፈርሳል፤ አንቺም ትታሰሪያለሽ።»

«አንዲት ቃል አይሰሙም፣ ጓድ።»

እናቲቱን የምትጫወተው አለምነሽ ውባንችን ወደ ጎን ሳበቻት። «ትዕይንቱን እናውጣው እትየ፤ የልጆች እናት ነኝ።»

«የሰረዘው ቃሉን ነው። ሦስቱን ቀን ረሳሽው?»

እሑድ ከቀትር በኋላ ገበያተኛው ተጎታቹን ከበበ፤ ዳኛው ጽሑፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከፊት ተቀመጠ። የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። አለምነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ባዶ አልጋ ላይ የልጇን ሸሚዝ ዘረጋች፣ ቀበቶውን አኖረች፣ ማጭዱን ከጎኑ አጋደመች፤ በሰው አገር ለቀረ ሟች እንደሚደረገው ሁሉ። ከዚያ ራስጌው ተቀምጣ ዝም አለች።

የሟች ልብስ በተዘረጋበት ዝም ብሎ የሚቀመጥ በዚያ አገር የለም። መጀመሪያ እማሆይ ወለተሥላሴ ከሕዝቡ መካከል ተነሡ። «ወይኔ ገሰሰ! ወይኔ ልጄን!» አሉ፤ ልጃቸው ከተገደለ ከዓመት በኋላ ስሙን ጮክ ብለው ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነበር። ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ አባቶች። በሹክሹክታ ብቻ ይጠራ የነበረ ስም ሁሉ አደባባይ ወጣ።

ዳኛው ገጾቹን ያገላብጥ ነበር። «ይህ የት ነው የተጻፈው?» ብሎ ጮኸ።

ውባንች ከመጋረጃው ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። «የትም አልተጻፈም። እርስዎ የገመገሙት ጽሑፉን ነው፤ ተመልካቹን ማን ገመገመው?»

ያን ሁሉ ለቀስተኛ ማሰር አልተቻለም፤ አለምነሽም ቃል አልወጣትም። ቡድኑ ፈረሰ፤ ውባንችም በጭነት መኪና፣ መንገዱ ሲያልቅም በእግሯ ወደ ሩቋ የገጠር መንደር ገለጉ ተዛወረች። ማንኛውንም የቴአትር ጽሑፍ ለማንም እንዳታድል የሚል ደብዳቤ ተከትሏት ደረሰ።

ከዛፍ ሥር ለሰበሰበቻቸው አሥራ አንድ ገበሬዎች ደብዳቤውን አነበበችላቸው፤ አጥፋም ኪሷ ከተተችው።

«እንግዲህ» አለች፣ «ሦስቱ ቀን ረዘመልን። አፋችሁን ዝጉና ጀምሩ።»