የቃራሚው ካርድ

መሥሪያ ቤቱ «ቃራሚው» ይለዋል። ከሰው አፍ የወደቀን ቃል ሁሉ እየለቀመ ካርድ ላይ ይጽፋልና። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደረት ኪሱ ካርድ ተለይቶት አያውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ይጽፋል፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ይጽፋል፣ ቀብር ላይ ሳይቀር ይጽፋል፤ እስካሁን አለመደብደቡ የሰው ትዕግሥት ነው። ለእያንዳንዱ ፍቺ ሰው በአንደበቱ የተናገረው አንድ ምስክር ዓረፍተ ነገር ከነቀኑ መገኘት አለበት፤ የቤቱ ሕግ ይህ ነው።

የዚያን ሳምንት ተራው የ«ተረዳ» ነበር። ይህን ቃል ሲወደው ለጉድ ነው። ከ«ረዳ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ መርዶም የዚያው ዘመድ ናት እያለ የባልደረቦቹን ምሳ ሲያቀዘቅዝ ሰነበተ። «ሰው ታገዘም፣ ነገር ገባውም፣ ሞት ተነገረውም ‹ተረዳ› ነው!» ይላቸዋል።

ምስክር ፍለጋ የካርድ ሣጥኑን ሲያገላብጥ በራሱ እጅ የተጻፈ ካርድ ወጣ።

«ዓይኔ እየከዳኝ ነው ስልህ ምናለ ብትረዳኝ። እኅት፣ ወጥ ቤት።» ካርዱ ከተጻፈበት ቀን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልፏል።

ክው አለ። ታላቅ እኅቱ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ የሰው ልብስ እየሰፋች ያስተማረችው። አምና ዓይኗ ጨርሶ ጠፋ። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብለው ቢያመጧት?» ሲለው «መቼ ነገረችን!» ብሎ አፉን ሞልቶ መልሷል። ነግራው ኖሯል። እሱ ደግሞ ካርዱን መዥረጥ አድርጎ ጻፈ፣ ጥሩ ምስክር በማግኘቱ ደስ አለው፣ ከዚያ ሥራ ረፍዶበት ወጣ።

ቀዶ ሊጥለው አሰበ። ማን ያውቅበታል? እጁ ግን እምቢ አለው። በደሉ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር እየቆረቆረው፣ ሳያስፈቅድ ወደ ቤት ሄደ።

እኅቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የልብስ ቁልፎች በዳበሳ ትለያለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላንብብልሽ» አለና አነበበላት፤ ቀኑንም ጭምር።

«ቃል በቃል ነው» አለች። «አንዲት ፊደል አልጎደለችም።»

«ይቅር በይኝ፣ እትዬ። ጥፋተኛ ነኝ።»

«ይቅር ብዬህ ነበር እኮ» አለች፣ በጣቷ አንዷን ቁልፍ እያሻሸች። «አልሰማኝም ብዬ።»