የአባቴ ቀይ መዳፍ

ልጄ ከባሕር ዳር ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ዘንድሮ ያመጣልኝ የላስቲክ ጓንት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ቀይ ስር በአቼቶ እንደማስቀምጥ፣ እጄም እስከ ክንዴ እንደሚቀላ ስለሚያውቅ አዝኖልኝ ነው። «እማዬ፣ ይኼን አጥልቂና ሥሪ» ብሎኝ ሄደ። ጓንቱን መደርደሪያው ላይ አኖርኩትና የድስቱን ክዳን አነሳሁ፤ ያ አፈር አፈር የሚል ጣፋጭ እንፋሎት ፊቴን ሲመታኝ የአባቴ ጓዳ መጣብኝ።

ያደግሁት እዚሁ ደብረ ታቦር፣ የጉና ብርድ በየበሩ ስንጥቅ በሚገባበት ሰፈር ነው፤ ብዙዎቹን በሮች የሠራው ደግሞ አባቴ አዳነ ነበር። አናጺ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ትንሽም ኩራት ያለበት። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ከተባለ ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይከተለው ስለነበር፣ አባቴ በጎረምሳነቱ ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ አትክልት ላጭ ሆኖ መሥራቱን የምናውቀው እኛ የቤቱ ሰዎች ብቻ ነበርን። ለሰፈሩ የነገረው «ወንበር እጠግን ነበር» ብሎ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴን ተስቦ ጣላት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ አፏ ግን እህል አልቀበል አለ። ሽሮው ገና ሲሸታት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጊዜው ሁዳዴ ነበርና የነፍስ አባታችን መጥተው «ልጄ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም፤ ወተት ጠጪ» ቢሏት፣ «አባ፣ ከሞትኩም ጾሜን ይዤ ልሙት» አለቻቸው። ክንዷ ከመቅጠኑ የተነሣ አምባሯ እስከ ክርኗ ይንሸራተት ነበር። ጠያቂዎች ከወጡ በኋላ ደጅ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነጋገሩት ለእኔም ይገባኝ ነበር፤ እናቴ ልትሞትብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ታዲያ «አፌን ምርር አለኝ፤ የሚኮመጥጥ ነገር ባገኝ» አለች።

ቅዳሜ አባቴ ከገበያ ሲመለስ ጋቢው ሆዱ ላይ አብጦ ነበር። በሩን እንድቀረቅር አዘዘኝና ቀይ ስሮቹን ከነጭቃቸው አወጣ። ጭራው እንዳይቆረጥ፣ ልጣጩም ሳይበስል እንዳይነካ፣ አለዚያ ደሙ ሁሉ ውኃው ውስጥ ፈስሶ እንደሚቀር፣ ቅዳሴ እንደሚያስተምር ሰው ረጋ ብሎ ነገረኝ። ሲበስል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከትቶ በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ልጣጩ እንደ ካልሲ ይወልቃል። በስሱ ቆራርጦ በማርማላታ ጠርሙስ ደረደረው፤ አቼቶውን ከውኃ፣ ከጨው፣ ከቁንጥር ስኳርና ከቅርንፉድ ጋር አፍልቶ ሲያፈስበት ሁለታችንም አከታትለን አስነጠስን። ከመጋረጃው ኋላ እናቴ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብትል፣ «በር እየጠገንን ነው» አላት።

የእኔ እጅ በሎሚ ታጥቦ ለቀቀ። የአባቴን መዳፍ ግን መጋዝና መሮ ዕድሜ ልኩን ሲሰነጣጥቁት ኖረዋልና ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተኛ። በሎሚ አሸው፣ በአመድ ፈተገው፤ ጭራሽ ደመቀ። በማግስቱ እሑድ ደግሞ ሰንበቴ አለ፤ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ዳቦ ሲታደል ሁለት እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀበለው። አባቴ እኔን አጠገቡ አቁሞ ተራው እስኪደርስ እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ቆየ፤ ሲደርስ ግን ዘረጋው።

ዳቦውን የሚያድሉት የሰንበቴው ሹም አያ ደሴ ምላሳቸው ስለት ነው። «አዳነ! እንደ ሙሽራ እንሶስላ ሞቀህ መጣህ እንዴ?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀለም ነው ቢል ያበቃ ነበር፤ አናጺን ማን ይጠረጥራል? እኔም በልቤ «ቀለም ነው በላቸው» እያልኩ እለምነው ነበር።

አባቴ መዳፉን አላጠፈም። «ቀይ ስር ነው፣ አያ ደሴ። ራሴ ቀቅዬ፣ ራሴ ልጬ ነው። እህል እምቢ አለችኝ። እሷ ትብላልኝ እንጂ እግሬንም እሞቀዋለሁ» አላቸው።

አያ ደሴ ዳቦውን ሰጡት፤ አለፍ ካሉ በኋላ ተመልሰው ሌላ ቁራሽ ጨመሩለት። «ይቺ ለእሷ ናት» አሉት።

ወሬው ቀድሞን ቤት ገብቶ ኖሯል። እናቴ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ «በር ስትጠግን ነዋ እጅህ የቀላው!» ብላ ሳቀችበት። ከታመመች ጀምሮ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ጠርሙሱ ገና መሰንበት ነበረበት፤ እሱ ግን አልጠበቀም፣ ከፍቶ በዚያ ቀይ እጁ አጎረሳት። ዋጠች፤ ድገመኝ አለች። ሰንበት ብላ ደግሞ ከዳቦው ቆረሰች። በሽታው በራሱ ጊዜ ለቋት ይሆናል፤ እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ለፋሲካ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ፣ «አንተ ሰው፣ ቃልህስ?» ብላ ከጠርሙሱ የተረፈውን ቁራጭ ይዛ የእግሩን አውራ ጣት አቀላችው። ያ ኩሩ ሰው እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠላት።

ዛሬ ልጄ ለሚስቱ ወጥ ሲሠራ የሚስቅበት የለም፤ አባቴ ስለ ቀደመለት አመሰግነዋለሁ። እናቴንም ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ስላቆየልኝ ተመስገን እላለሁ። አባቴ ቀድሟት አረፈ። እሷም በመጨረሻው ሕመሟ እንደገና እህል እምቢ ስትል ቀይ ስሩን እኔ ሠርቼ አጎረስኳት። ቀመሰችና እጄን ይዛ መዳፌን ገልብጣ አየችው። ጠመኔ እንጂ መሮ የማያውቅ የመምህርት እጅ ነው፤ ታጥቤው ነጽቷል።

«የሱ አይለቅም ነበር» አለችኝ።

ዛሬም ጠርሙሶቹን ከድኜ፣ ጓንቱን ካኖርኩበት ሳላነሳው፣ እጄን በሎሚ ታጠብኩ። ወዲያው ለቀቀ።